ኪራዩ 8,000 ሲባል፦ እንደራደር፣ እንልቀቅ ወይስ ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ?

ጥያቄ፦

«ደሴ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የአራት ዓመት ልጅ አለችን። እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠራው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ይመላለሳል፤ ባጃጁን ጨምሮ ደርሶ መልሱ 160 ብር ይፈጅበታል። የሁለታችን ተደምሮ በወር 18,500 ብር እጃችን ይገባል። ኪራዩ 5,500 ነበር። አከራያችን እትዬ ባለፈው ሳምንት ጠርተው ‹ከመጋቢት ጀምሮ 8,000፤ የስድስት ወሩንም ባንዴ› አሉን። የገባነው በቃል ነው፤ የጽሑፍ ውል የለንም። መብራት ከሌሎች ሁለት ተከራዮች ጋር የጋራ ነው፤ ድርሻችን ወደ 700 ብር ይመጣል። ውሃ በሳምንት አንዴ ናት፤ መሀሉን በጄሪካን እንገዛለን፤ እሱም በወር ወደ 600 ነው። ባለቤቴ ‹ኮምቦልቻ እንውረድና ከትራንስፖርቱም እንገላገል› ይላል። እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሥራ እስክመለስ ልጄን የሚያዩልኝ እሳቸው ናቸው። መካሰስ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

አብሽሪ እህታችን። እቃ ማሰር አትጀምሩ፣ «እሺ»ም አትበሉ። መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቤቱ በወር የሚያስወጣችሁን ሁሉ አስቀምጡ። ብዙ ተከራይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ኪራይን ከኪራይ ጋር ብቻ እያወዳደረ በ1,000 ብር የረከሰ ቤት ይገባና በትራንስፖርትና በውሃ 1,500 ይከፍላል።

የእናንተን ሒሳብ እንሥራው። ኪራይ 5,500፣ መብራት 700፣ ውሃ 600፣ የባለቤትሽ መንገድ 160 በ26 ቀን 4,160፤ ድምሩ 10,960 ብር። ከደመወዛችሁ 59 በመቶው ነው። ኪራዩ ብቻውን ሲታይ ግን 30 በመቶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ «አቅም ይፈቅዳል» የሚባለው ልክ እዚያው ላይ ነው። ወደ 8,000 ካደገ ኪራዩ ብቻ 43 በመቶ ይሆናል፤ ጠቅላላው ደግሞ 13,460። ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለልጅቱና ለቀረው ነገር ሁሉ 5,040 ብር ይተርፋችኋል ማለት ነው። ይህ አይያዝም። ስለዚህ 8,000ን ባለበት መቀበል ከምርጫው ይውጣ።

የባለቤትሽን ሐሳብ እንየው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ የእሱ 4,160 ይቀራል፤ አንቺ ግን ወደ ደሴ መመላለስ ትጀምሪያለሽ። በወር 22 የሥራ ቀን በ160 ብር 3,520 ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ስለሌለ የአሥሩን ወር ወጪ ለአሥራ ሁለት ብናካፍለው በወር ወደ 2,930 ይደርሳል። ትርፉ እንግዲህ 1,230 ብር ገደማ ነው፤ 4,160 አይደለም። በዚያ ላይ ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት የምትወጪው አንቺ ትሆኛለሽ፤ ልጅቱን የሚያይላችሁ ሰውም እዚያ በደመወዝ መቅጠር ሊኖርባችሁ ነው። እትዬ በነፃ የሚሰጧችሁ አገልግሎት በገንዘብ ሲተመን ያን 1,230 ብር ይበላዋል።

ኮምቦልቻ ትክክለኛ መልስ የሚሆነው የመምህራን ዝውውር ካገኘሽ ነው። ያኔ ሁለታችሁም ከመንገድ ወጪ ትገላገላላችሁ፤ ኪራዩ ከደሴ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ያዋጣል። የዝውውር ማመልከቻውን በጊዜው አስገቢ፤ ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ ግን ቤት አትያዙ። እስከዚያው ባለቤትሽ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ፋብሪካው የሠራተኛ ሰርቪስ እስከ የት ድረስ እንዳለው፣ የትራንስፖርት አበል ይሰጥ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከሁለቱ አንዱ ቢሳካ እትዬ ከጨመሩት 2,500 የሚበልጥ ብር ሊቆጥብላችሁ ይችላል። ይህን ጥያቄ ሰው ለምን እንደማያስቀድም አይገባንም።

አሁን ወደ ሕጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ ተረጋግጦ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። የስድስት ወር ቅድሚያ በዚህ ሕግ ዓይን አይፈቀድም። አዋጁ በክልሎች ውስጥ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ክፍለ ከተማው ወደሚገኘው የቤቶች ጉዳይ ክፍል ሄደሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፤ «እዚህ የኪራይ ውል ትመዘግባላችሁ ወይ? የዘንድሮው የጭማሪ መጠን ስንት ነው?» በቃል የሚነግሩሽን አትመኚ፤ የተለጠፈ ማስታወቂያ ወይም መመሪያ ካለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ምዝገባ ካልተጀመረ የሚገዛችሁ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የቤት ኪራይ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ይገኛል። በዚህ ሕግ ዋጋውን የሚወስነው ስምምነታችሁ ነው፤ በቁጥር 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ስለሆነ፣ ዘመኑ የተወሰነ ውል ካላችሁ አንዱ ወገን ብቻውን ዋጋ ሊቀይር አይችልም። ድክመታችሁ ይሄው ነው፤ ዘመን የተቆረጠለት ውል የላችሁም። ጊዜ ያልተወሰነለትን ኪራይ አከራይ አስቀድሞ አስታውቆ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ ከእትዬ ጋር ስትቀመጡ ዋናው የምትፈልጉት ነገር የ500 ብር ቅናሽ ሳይሆን የሁለት ዓመት የጽሑፍ ውል ይሁን።

ድርድሩን በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሁለት ቁጥር ግቡ፤ የምታቀርቡት 6,300፣ የመጨረሻችሁ ደግሞ 6,800። 6,300 ማለት ከነበረው ላይ ወደ 15 በመቶ ጭማሪ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም። 6,800 ለምን ጣሪያ እንደሆነ እነሆ። እንበልና ዳር ላይ በ6,000 ብር ቤት አገኛችሁ። ለመልቀቅ የጭነት መኪናው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የደላላው፣ ቁልፍና ገመድ ቅየራው፣ የሚሰበረው እቃ ተደማምሮ 9,000 ብር ይፈጃል እንበል። እትዬ 6,800 ካሉ በወር የምታተርፉት 800 ብቻ ስለሆነ የመልቀቂያው ወጪ የሚመለሰው ከ11 ወር በኋላ ነው፤ ቁጭ ማለት ይሻላል። 8,000 ላይ ከጸኑ ግን በወር 2,000 ታተርፋላችሁ፤ በአምስት ወር ይካካሳል፤ ያኔ መፈለግ ጀምሩ። ቁጥሮቹን በእውነተኛ ዋጋችሁ ቀይሩ፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው፤ የመልቀቂያ ወጪ ሲካፈል በወር ለሚተርፈው። ዳር ያለው ቤት ተጨማሪ ባጃጅ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ከትርፉ ላይ ቀንሱት።

እትዬ ዘንድ የምትሄዱት ባልና ሚስት አብራችሁ ይሁን፤ ከቡናው በኋላ፣ ሌሎቹ ተከራዮች በሌሉበት። «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይሄ ሰውን እልህ ያስገባል። መጀመሪያ ስድስት ወሩ ለምን እንዳስፈለጋቸው ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ከኋላው የተለየ ጉዳይ አለ፤ ጣሪያ ሊያስቀይሩ ይሆናል፣ የልጅ ሠርግ ይሆናል፣ የግብር ቀሪ ይሆናል። ከዚያ እንዲህ በሏቸው፦ «እትዬ፣ ኑሮ በእርስዎም በእኛም ላይ ከብዷል። 6,300 እናድርግልዎ፤ የሁለት ወሩን 12,600 ዛሬ እንስጥ፤ ሁለት ዓመት እንዳንነካካ በጽሑፍ እናድርገው። እርስዎም ተከራይ ፍለጋ አይሉ፣ ቤቱም አንድ ወር ጾሙን አያድር።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከልብ በሏት፤ የ8,000 ብር ቤት አንድ ወር ባዶ ቢያድር በዓመት የሚያጎድለው በወር ሲካፈል ወደ 670 ብር ነው። አከራይ ይህን ብዙ ጊዜ አያሰላውም።

48,000 ብር ባንዴ መስጠት ግን ቢለምኑም እምቢ በሉ። ቤቱ ቢሸጥ፣ ወራሾች ቢጣሉ፣ እናንተ ዝውውር ብታገኙ ገንዘቡን ማስመለስ ጣጣ ነው። እሳቸው በእርግጥ ጥሬ ብር ቸግሯቸው ከሆነ ዕቁብ ይግቡ፤ የመጀመሪያውን ዕጣ እንዲያገኙ ሰፈሩ ቢተባበር ከእናንተ ኪራይ የተሻለ ያወጣቸዋል።

ሌላ ወጥመድ አለ። አከራይ ውል ለመጻፍ ሲስማማ «በወረቀቱ 3,000 እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ» ይላል፤ ምክንያቱ የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ግብሩ የአከራይ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ለናንተ ዋጋ የለውም፤ ቅድሚያ የሰጣችሁትን ስትጠይቁ ከ3,000ው በላይ ያለውን በምን ታስረዳላችሁ? እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ ክፍያው ሁሉ በባንክ ይሁን።

ውሉ ላይ ከስምና ከዋጋ ሌላ የሚከተሉት ካልገቡ ወረቀቱ ግማሽ ነው። የክፍሉ ብዛትና የጋራ የሆነው ነገር (ኩሽና፣ ሽንት ቤት፣ ግቢ)፤ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፤ ክፍያው ወር በገባ በስንተኛው ቀን እንደሆነ፤ የቆጣሪው የዕለቱ ንባብ፤ ሽንት ቤት ሲሞላ የማስመጠጫውን ማን እንደሚከፍል፤ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ባለቤቱ እንደሚያሠሩ፤ እንደ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያና የቧንቧ ጎማ ያለው ጥቃቅን ጥገና የእናንተ እንደሆነ፤ በራሳችሁ ወጪ ያስገባችሁት እቃ ስትወጡ የማን እንደሚሆን። ሁለት ምስክር ይፈርም። በዚያው ዕለት ግድግዳውን፣ ወለሉንና በሩን ፎቶ አንሡ፤ ስትወጡ «ይህን እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ድርድሩ እንዳለ ሆኖ፣ ኪራዩ ሳይነካ የሚቀንስ ወጪ አለላችሁ። እሱም መብራቱ ላይ ነው፤ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል፤ እርከኑ በወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይንራል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚታየው አንድ ትልቅ ቤት ነው። እያንዳንዳችሁ 140 ብትጠቀሙ ለየብቻ 101–200 ላይ ትሆኑ ነበር፤ አንድ ላይ ግን 420 ስለሚሆን የ401–500 እርከን ውስጥ ትገባላችሁ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የጋራ ቆጣሪው ነው።

ቀጥሎ አከፋፈሉ። በሰው ራስ ወይም በቤት ቁጥር እኩል ማካፈል ጠብ የሚያመጣው ምጣድ ስላለ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገር ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 56። የመጀመሪያውን እርከን ምጣዱ ብቻውን ጨረሰው ማለት ነው። ባንጻሩ 9 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። «መብራት አጥፉ» እያሉ የሚጣሉ ጎረቤቶች የሚጣሉት በተሳሳተው እቃ ላይ ነው። እንጀራ ከገበያ የሚገዛ ጎረቤት ካለ እኩል መክፈሉ ግፍ ነው፤ ሁላችሁም የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ቀን ተስማሙና በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ጋግሩ። ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው ሦስት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አንዴ ይሆናል። የደሴ ብርድ ለዚህ ያግዛል፤ እንጀራው ቶሎ አይሻግትም።

ዘላቂው መፍትሔ ለየቤቱ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ነው። የሚገጥመው ባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ የእናንተ መስመር ከመጀመሪያው ማከፋፈያ ጀምሮ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን ያሳያችሁ። ሁሉንም ማብሪያ አጥፍታችሁ፣ የተሰካውንም ነቅላችሁ ቆጣሪው አሁንም የሚቆጥር ከሆነ የሰው መስመር ተደርቦባችኋል። በወሩ መጨረሻ የዛሬውን ንባብ ከባለፈው ቀንሱ፣ ሦስቱን ደምሩ፣ ቢሉን በድርሻ አካፍሉ። እርከኑን አይቀይረውም፤ ጠቡን ግን ያቆማል፤ የቆጠበም በኪሱ ያየዋል። የራስ ቆጣሪ ከመንግሥት ማስገባት ደግሞ የባለቤቷን ፈቃድና የይዞታ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከእትዬ ጋር ውል ስትጽፉ እግረ መንገዳችሁን አንሱት።

ውሃው ቀላል ነው። ሦስት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም 120 ሊትር፣ በሳምንት 840 ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ሳምንቱን ይሸፍናል፤ የጄሪካኑ 600 ብርም ከሞላ ጎደል ይቀራል። ግን ሮቶው ከፍታ ላይ አይሰቀል። እናንተ ያላችሁት ዳገት ላይ ነው፤ ውሃ ሲለቀቅ ታች ያሉት ቤቶች ቀድመው ይስባሉ፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ሌሊት፣ በደካማ ግፊት ነው፤ ማማ ላይ አይወጣም። ከቧንቧው ዝቅ ብሎ በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን ከተቆረጠ ዳገት ጠርዝ ይራቅ። ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ግጠሙለት፤ ያለዚያ ሌሊቱን ፈሶ ያድራል። ወጪውን ከእትዬ ጋር እኩል መካፈልም ለድርድሩ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሮቶው ለቤቱ ይቀራልና።

ይህ ሁሉ ሆኖ እትዬ 8,000ን ካልለቀቁ ፍለጋ ግቡ፤ ከተቻለ የነሐሴና የመስከረም ግርግር ሳይመጣ። ባለቤትሽ ኮምቦልቻ እስከሠራ ድረስ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መውጫ አካባቢ ያለ ቤት የባጃጁን ወጪ ይቆርጥላችኋል። ከደላላ ጋር ቤት ከማየታችሁ በፊት ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ከማን እንደሚወሰድ ቁረጡ፤ «ማሳያ» እያለ በየቤቱ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ባለቤቷ ዓረብ አገር ያለች ቤትን ወንድሟ ወይም አጎቷ ሲያከራዩ ውክልናውን ዓይታችሁ ቅጂ ያዙ።

ደሴ ላይ ቤት ሲታይ ዋናው የኋላ ግድግዳ ነው። ዳገት ተቆርጦ ከተሠራ፣ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ፣ የክረምቱ ውሃ ከአፈሩ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። አልጋና ቁም ሣጥን የሚቀመጥበትን ጥግ እስከ ጉልበት ድረስ በእጅ ዳስሱት፤ ቀለሙ ከተፋቀ፣ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ከወጣበት፣ ወይም ያ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ሐምሌ ላይ ብርድ ልብሳችሁ ይሻግታል፤ ልጅቱም ታስላለች። ዞራችሁ የኋላ ቦይ መኖሩንና አለመደፈኑን እዩ። በላይ በኩል ትኩስ የተቆረጠ አፈር ካለ በርካሽም አትግቡ፤ የደሴ ዳገት በክረምት ይንሸራተታል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ወባ ስላለ መስኮቱ መረብ አለው ወይ? ለቦርከና ወንዝ ምን ያህል ይቀርባል? ወንዝ ዳር ያለው ቤት የረከሰው በሽታውና በጎርፉ ነው። የውሃ ቀኑንና የመብራቱን ነገር አከራዩን ሳይሆን እዚያው ግቢ ያለውን ተከራይ ጠይቁ።

ድርድሩ ሳያልቅ መጋቢት ቢገባ ኪራይ አታቋርጡ። የነበረውን 5,500 በተለመደው ቀን በእትዬ ሒሳብ አስገቡ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የመጋቢት የቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ፤ መልእክቱን አታጥፉት። እትዬ አያደርጉትም እንጂ፣ ማንም አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በር ቆልፎ ወይም እቃ አውጥቶ ሊያስለቅቅ አይችልም፤ ያ ከመጣ በቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ እነዚያ የባንክ መልእክቶችም ዋና ማስረጃችሁ ይሆናሉ።